መርዶው ይቆይ

ጆሮው ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ይጠይቃል። ቢሮው ያወጣለት ስም «የቃል መዝጋቢ» ቢሆንም ደብረ ብርሃን ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራው ሰው የለም። ሶልያና ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ ተለጥፏል። መጠኑ የልብስ ሳሙና ያህል ነው። አቧራ ሲለብስ ማስጠንቀቂያ ስለሚልክ ሶልያና ጠረጴዛዋን ሳትወለውል ብትውልም እሱን ግን በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ ታብሰዋለች።

የሚጠይቀው እሷን አይደለም፤ እንግዳዋን ነው። እንግዳ የሚባሉት ጥገኝነት ጠያቂዎች ናቸው፤ ቃሉን የመረጠው ራሱ ቢሮው ነው። «የእንግዶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ፣ እንግዳ ብሎ የጠራውን ሰው በየወሩ እንደ ሌባ ይመረምራል። የባሕሩ ዳርቻ ሁሉ በሙቀት ሰው የማያስኖር ከሆነ ወዲህ ለደጋ ከተሞች የእንግዳ ኮታ ተደልድሎላቸዋል። ድሮ የደብረ ብርሃን ብርድ የመንግሥት ሠራተኛ ዝውውር የሚጠይቅበት ምክንያት ነበር ይባላል፤ አሁን በዜና ላይ ከማዕድን ጋር አብሮ የሚጠራ የአገር ሀብት ሆኗል። እንግዳው በተቀባይ ቤት አንድ ዓመት ይቀመጣል፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። ጥያቄው አይለወጥም፤ መልሱም መለወጥ የለበትም። ያለፈ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛል፤ የወደቀ ይወርዳል። መውረድ ማለት ወደ መጡበት ሙቀት መመለስ ነው። ከወረዱት መካከል ወሬው የተሰማ ሰው እስካሁን የለም።

ሱዓድ ሳሊም ከባሕሩ ማዶ፣ ከሁዴይዳ በታች ካለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ተነሥታ በ2070 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ደረሰች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ተቀባይዋ ሶልያና ሃምሳ ስድስት ሞልቷታል፤ ሠላሳ ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርታ ጡረታ ወጥታለች፤ ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿም አግብተው ወጥተዋል። ምላሷ ስለት ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ይፈራታል፤ ሆደ ቡቡ ስለሆነች ግን አኩርፋ አታድርም። ሱዓድን በተቀበለቻት ቀን፣ «በዚህች ስስ ልብስ ነው ደጋ የመጣሽው?» ብላ ተቆጣቻትና የራሷን ካፖርት አውልቃ አለበሰቻት። በዚያው ተግባቡ።

ሱዓድ ያላት አንድ ወንድም ነው፤ ሐሚድ ይባላል። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ስድስት፣ እሱ ደግሞ አራት ዓመቱ ስለነበር አሳድጋዋለች። ወደ ደጋ የሚያሳልፈው ወረቀት የወጣው በእሷ ስም ብቻ ነው፤ እሱ የዳርቻው መጠለያ ውስጥ ቀረ። ፈቃድ ያገኘ እንግዳ አንድ የሥጋ ዘመዱን መጥራት ይችላል። ሱዓድ ብርዱንም፣ ቋንቋውንም፣ ጥያቄውንም የቻለችው ለዚህ ነበር። የሐሚድን መኝታ ክፍል እንኳ መርጣለታለች፤ ከኩሽናው ጎን ያለችውን፣ ሶልያና አሮጌ ዕቃ የምታከማችባትን ጠባብ ክፍል። ሁለቱ ሆነው ዕቃውን አውጥተው ኖራ ቀብተዋታል።

እንግዳ ያለበት ቤት ሁሉ ቅዳሜና እሑድ ያጠናል። ጥናት ማለት እንግዳው ያየውን መከራ ቃል ሳያዛንፍ መድገም ነው። ሶልያናና ሱዓድ ጓሮ ልብስ እያጠቡ ያጠኑ ነበር። ሱዓድ «እናቴ በሩ ላይ ወደቀች» ስትል ሶልያና እጇን ከአረፋው አውጥታ ታቋርጣታለች።

«ደጃፉ ላይ ነው ያልሽው። ሰኔ ላይ ደጃፉ ላይ ብለሻል።»

«ያየሁት እኮ እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ያየሽውን ማን ጠየቀሽ? ያልሽውን ነው የሚፈልጉት» ትላታለች ሶልያና፤ ብላም ቀኑን ሙሉ ስትናደድ ትውላለች። ኅዳር ላይ ሱዓድ አረንጓዴ ብላ ያስመዘገበችውን ጀልባ ሰማያዊ ብላ የመዛባት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ጀልባው ሁለቱም ቀለም ነበረው፤ ጎኑ አረንጓዴ፣ ውስጡ ሰማያዊ። ይህን ለማስረዳት ስትሞክር ጆሮው ማብራሪያውን ሌላ መዛባት ብሎ መዘገበው። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ጥያቄውን ጨዋታ አድርገውታል። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሁለተኛ ሲጠየቅ ቃል የለወጠ «ወረድክ» ተብሎ ከጨዋታው ይወጣል። የሱዓድን እናት አሟሟት አንድ ቃል ሳይስቱ የሚወጡት ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች አሉ።

ጥር ላይ ፈይሰል ክፉ ወሬ ይዞ መጣ። ፈይሰል የሱዓድ መንደር ሰው ነው፤ ከእሷ ሁለት ዓመት ቀድሞ ደርሶ ፈቃዱን አግኝቶ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ይሠራል። የመጠለያው ማቀዝቀዣ በቆመበት ሳምንት ሐሚድ ከብዙ ሰዎች ጋር መሞቱን ከዘመዶቹ ሰማ። በእነሱ ወግ እዚያው በዚያው ሄዶ ሊነግራት ነበር። ያስቆሙት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። እዚህ አገር መርዶ በአንድ ሰው አፍ፣ እንደ ሌላ ወሬ አይነገርም፤ ለእድሩ ንገር፣ እድሩ ያውቅበታል አሉት። እሱም ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ናሆም ነገረው።

ጋሽ ናሆም ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሲናገር እያንዳንዱን ቃል እንደ አምፖል ተጠንቅቆ ያስቀምጣል። የእድሩን ኮሚቴ፣ ፈይሰልንና ሶልያናን ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሰበሰባቸው፤ ወፍጮው ሲጮኽ የትኛውም ጆሮ አይሰማም ተብሎ ይታመናል። ፈይሰል ዛሬውኑ ይነገራት አለ። ወንድሟ ነው፣ በሌለበት ሶላት ልታሰግድለት፣ ዱዓ ልታደርግለት ይገባል አለ። ሰዎቹ አዘኑለት፤ አገሩን ገና አልለመደውም ብለው። በእነሱ ዘንድ መርዶ ጊዜ ይመረጥለታል። ተማሪ ፈተናውን እስኪጨርስ፣ ነፍሰ ጡር እስክትገላገል፣ በሽተኛ እስኪያገግም ይጠበቃል። ሱዓድ ደግሞ ፈተና ላይ ናት፤ አራት ጥያቄ ቀርቷታል። ተነግሯት ድምጿ ቢንቀጠቀጥ፣ ቃሏ ቢዛነፍ፣ የዓመት ልፋቷን ውኃ በላው ማለት ነው፤ ትወርዳለች። ግንቦት ላይ ፈቃዷን በእጇ ስታስገባ ግን ድንኳን ተተክሎ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በወጉ ይነገራታል።

ጋሽ ናሆም በመጨረሻ ወደ ሶልያና ዞረ። ያለችው ከአንቺ ጋር ነው፤ ያንቺ ቃል ይሁን አላት።

«መርዶው ይቆይ» አለች ሶልያና።

ይህ ሰፈር ምስጢር ይዞ አያውቅም። የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከላይ እስከ ታች ይዳረሳል። ይህን ግን ሰማንያ ሁለት አባወራ ያዘው፤ ልጆቹ ሳይቀሩ ያዙት። የቸገራቸው ሐዘኔታቸውን መደበቅ ነበር። ሱዓድ ባለፈች ቁጥር አንዷ ድንች፣ አንዷ እንቁላል፣ ሌላዋ የሹራብ ክር ታስይዛታለች። ምን ነካቸው ብላ ስትጠይቅ ሶልያና ፈቃድሽ ስለደረሰ ካሁኑ ሊወዳጁሽ ነው አለቻት። ሱዓድ ሳቀች፤ አመነቻት።

ጥር ሃያ ስምንት የጋሽ ናሆም ሴት ልጅ ተዳረች። ሱዓድ ከሁሉ ቀድማ እልልታውን አቀለጠችው። በአገሯ አጨፋፈር መሐል ገብታ ጨፈረች፤ ሐሚድን ስድር ደግሞ እንዴት እንደምጨፍር ታዩኛላችሁ አለች። ሰዉ አጨበጨበላት፤ እያጨበጨበ መሬት መሬቱን ያያል። ሶልያና ዕቃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጥታ ሳህን ማንሳት ቀጠለች።

የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጆሮው ጠየቀ። በሕይወት ያሉ የቤተሰብ አባላትዎን ይግለጹ ይላል። ሱዓድ ከግድግዳው ፊት ለፊት ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ አንድ ወንድም አለኝ፣ ሐሚድ ሳሊም ይባላል፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ በሕይወት አለ ትላለች። ጆሮው ያመሰግናታል። በደንቡ ተቀባይዋም መገኘት ስላለባት ሶልያና አጠገቧ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ትሰማለች። መጋቢት ላይ ጆሮው የቃልዎ ጽናት ተሻሽሏል ሲል አመሰገነ። ሱዓድ በደስታ ሶልያናን አቅፋ ሳመቻት።

በዚያው ወር ጎረቤት በሰጧት ክር ለሐሚድ ሹራብ ጀመረች። የሶልያናን ወንዶች ልጆች ቁመት ጠይቃ፣ ሐሚድን የሚያክለውን የትልቁን አሮጌ ሸሚዝ አስመጥታ በእሱ ለካች። አንድ ቀን ሶልያና መቻል አቃታትና አጠገቧ ተቀመጠች፤ «ሱዓድ» አለች። ሱዓድ ቀና አለች፤ ዓይኗ ፈካ ያለ ነበር፤ ከንፈሯ የክሩን ጉንጉን እየቆጠረ ነው። ሶልያና እጅጌው አጥሯል ብላ ተነሣች። ሁለት ጥያቄ ቀረ፣ ትል ነበር ለራሷ፤ ሁለት ብቻ ቀረ።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሶልያና ከገበያ ስትመለስ ሱዓድ ሳሎን መሐል ቆማ ነበር። በአንድ እጇ ግማሹ የተላጠ ሽንኩርት፣ በሌላው ስልኳን ይዛለች። ውሳኔው መጥቷል፤ አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ አላስፈለገም። ጥያቄዎ ውድቅ ሆኗል ይላል። ምክንያቱ የሐሰት ቃል ነው። አመልካቿ ጥር 3 ቀን ያረፉትን ሟች ሐሚድ ሳሊምን በሕይወት እንዳሉ አድርገው ሦስት ጊዜ አረጋግጠዋል። የመውረጃ ቀን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይገለጻል። መልካም ቀን።

ሱዓድ አማርኛ ማንበብ የተማረችው ከሶልያና ነው፤ አንድ ያልገባት ቃል ሲያጋጥማት ትጠይቃለች።

«እትዬ፣ ሟች ማለት የሞተ ማለት ነው?»

ሶልያና ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ለዚህ ሰዓት ያሰበችው ሌላ ነበር። ሽማግሌዎች ይዛ፣ ሱዓድን ምግብ አስቀምሳ፣ በግራና በቀኝ ሰው አስይዛ ነበር ልትነግራት። «አዎ» አለች።

«ሐሚድ?»

«አዎ።»

ሱዓድ አልጮኸችም። ስልኩን ደግማ አየችው። ከንፈሯ እንደ ሹራቡ ጊዜ ይቆጥር ጀመር፤ የምትቆጥረው ግን ቀን ነበር። «ሰርጉ ጥር ሃያ ስምንት ነው» አለች። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሁላችሁም? ስጨፍር እያያችሁኝ?»

ሱዓድ ሽንኩርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ቢላውን ጎኑ አስተካክላ አኖረች፤ ኖራ ወደ ቀባችው ክፍል ገብታ ዘጋች። ለቅሶዋ ከዚያ በኋላ ነው የተሰማው። ሰው ሁሉ ግቢው በር ላይ ተኮለኮለ፤ ማንንም አላስገባችም። በማግስቱ ፈይሰልን ብቻ አስገባች፤ እሱንም አንተስ እንዴት እንደነሱ ሆንክ አለችው፤ ከዚያ በሌለበት የሚሰገደውን ሶላት አብረው ሰገዱለት። ሶልያና በሩ ሥር ምግብ እያስቀመጠች ሳይነካ ታነሳ ነበር።

የእንግዶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ የሚሠራው ወጣት ያፌት ይባላል። ሶልያና ያልሰደበችው ስድብ የለም፤ እሱ ጎንበስ ብሎ እስክትጨርስ ጠበቃት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። የሞቱ መዝገብ ከመጠለያው የደረሰው በዚያው በጥር ሦስት፣ በዚያው ሰዓት ነው አላት። ፈይሰል ከመስማቱ ሳምንት ቀድሞ ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልነገራችኋትም ብትለው ሥርዓቱ ይጠይቃል እንጂ አይናገርም አላት። መልሱን የሚያውቀውን ጥያቄ መጠየቅ የእንግዳውን ሐቀኝነት የሚለካበት መንገድ ነው አላት።

«ወንድሟ መሞቱን ደብቃችሁ አለ ወይ አላችኋት» አለች ሶልያና። «አለ ስትል ውሸታም አላችኋት። እናንተን ማን ይለካችሁ?»

ያፌት ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቀድሞ ተነግሯት ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም አላት፤ መመሪያው ላይ ሐዘን የደረሰበት እንግዳ ለአርባ ቀን ከጥያቄ ነጻ ነው፣ ከዚያም በኋላ ድምፁ ቢንቀጠቀጥ አይቆጠርበትም። ሶልያና የመስኮቱን ደፍ ይዛ ቆመች። ይህን መመሪያ በሰፈሩ ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ወፍጮ ቤት ጀርባ ቆሞ ተንቀጠቀጠች ማለት ወደቀች ማለት ነው ብሎ ነበር የወሰነው። እናንተስ እያወቃችሁ አርባውን ቀን ለምን አልሰጣችኋትም አለችው።

«እንግዳዋ ራሷ ማመልከት አለባት» አላት።

ሶልያናን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ይህ ነው። እንድታመለክት ማወቅ አለባት፤ እንድታውቅ የሚነግራት ሰው የለም። ቢሮው ሊፈትናት ብሎ ዝም አለ፤ እነሱ ሊያተርፏት ብለው ዝም አሉ፤ ሁለቱ ዝምታ አንድ ላይ ሆኖ እሷ ላይ ወደቀ። አንዱ ከፍቅር፣ አንዱ ከተንኮል መምጣቱ ለሱዓድ ምን ይጠቅማታል? ሶልያና ከዚያ መስኮት እስከ ቤቷ በእግሯ ስትሄድ መንገዱን ሁሉ ራሷንም እነሱንም ስትራገም ነበር።

ለቅሬታው የተሰጠው ሦስት ቀን ነው። ጋሽ ናሆም እድሩን ጠርቶ እኛ ነን የደበቅናት ብለን እንመስክር አለ፤ ሰማንያ ሁለቱም አባወራ ቢሮው በር ላይ ተሰለፈ። የቢሮው መልስ ሳይውል ሳያድር መጣ። ይህን ያህል ሕዝብ አንድ ምስጢር ለሦስት ወር የጠበቀበት መረጃ በመዝገቡ የለም፤ ስለዚህ ምስክርነቱ የተቀነባበረ ሊሆን ይችላል፤ ተቀባይነት የለውም። ስለ እነሱ ወሬኝነት ቢሮውም ሰምቶ ኖሯል። የምትደመጠው ድምጿ የተመዘገበው ተቀባይዋ ብቻ ናት። ያፌት ሶልያናን ጠርቶ አስጠነቀቃት፤ አውቃለሁ ካለች መደበቁ በእሷ ላይ ይሆናል፣ ተቀባይነቷም ይሰረዛል። ይሰረዝ አለችው።

የመደመጫው ክፍል ባዶ ነው፤ ሁለት ወንበርና ግድግዳው ላይ ያው የሳሙና መጠን ያለው ነገር። ሱዓድ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ከአስፈላጊው ነገር በቀር ለሶልያና ቃል ተንፍሳ አታውቅም።

«የሐሚድ ሳሊምን ሞት መቼ አወቁ?» አለ ጆሮው።

«ጥር አሥር።»

«ለአመልካቿ እንዳይነግሯት የከለከለዎት ነገር ነበር?»

«አልነበረም።»

«ለምን አልነገሯትም?»

ወግ ነው ልትል ነበር። ወግ ማለት ምን እንደሆነ ለግድግዳ ማስረዳት እንደማትችል ታወቃት። «እንዳትወድቅብኝ ብዬ» አለች። «ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኳትም። አለ ስትል አጠገቧ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ውሸታሟ እኔ ነኝ። እሷ አንድም ቀን አልዋሸችም።»

ሱዓድ ዞራ አየቻት። ጆሮው አመሰገነ፤ ተሰናበቱ።

ውሳኔው ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ሱዓድ የሐሰት ቃል አልሰጠችም፤ አትወርድም። ሶልያና እዚያ ድረስ አንብባ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ሁለተኛው ክፍል ይቀጥላል። ተቀባይ ቤቱ መረጃ የደበቀ ስለሆነ ተሰርዟል፤ እንግዳዋ ወደ ደባርቅ ተዛውራ የቀረውን ጥያቄ እዚያ ትጠየቃለች፤ መኪናው ነገ ጠዋት ይመጣል። ከቀድሞው ሰፈር ነዋሪዎች ጋር በአካልም፣ በስልክም፣ በሰውም መገናኘት ለአንድ ዓመት ተከልክሏል። እንግዳዋ በሕይወት ያለ የቤተሰብ አባል ስለሌላት የሥጋ ዘመድ የመጥራት መብቷ ቀሪ ሆኗል። ጋሽ ናሆም ሮጦ ሄዶ ለቅሶ የምትቀመጥበት ሦስት ቀን ብቻ ስጧት ብሎ ለመነ። አርባው ቀን ከጥያቄ እንጂ ከዝውውር አያስቀርም ተባለ።

ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ መንገዱ ዳር ቆመ። መቅረብ አይፈቀድም፤ ሹፌሩ ይመዘግባል። ሶልያና ብቻ ቦርሳውን እንድትጭን ተፈቀደላት። ሱዓድ አንድ እግሯን መኪናው ውስጥ አድርጋ ቆመች።

«ገና ይቅር አላልኩሽም፣ እትዬ» አለች። «እዚያ ሆኜ እል ይሆናል፤ አላውቅም።» ሌላውን እግሯንም አስገባች። «ደባርቅ ላይ ሐሚድ ብል ማን ነው ይሉኛል። እዚህ ሰማንያ ሁለት ቤት ያውቀዋል። አልቅሱለት።»

መኪናው ከመታጠፊያው ሳይሰወር ጋሽ ናሆም ድንኳኑ ይውጣ አለ። ሶልያና ግቢ በር ላይ፣ መንገዱን ግማሽ ይዞ ተተከለ፤ አግዳሚው ተደረደረ። ከመስጊድ የተጠሩት ሼህ መጥተው ዱዓ አደረጉ፤ ፈይሰል አጠገባቸው ነበር። ሴቶቹ ለሦስት ወር የዋጡትን እንባ አወጡት። ሶልያና ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀመጠች፤ ሹራብ ስትለካለት የከረመች እህት ያለችውን፣ አይታው የማታውቀውን ልጅ በስሙ እየጠራች አለቀሰች። የሚያልፈው ሰው ማን ሞተ ይላል፤ የሱዓድ ወንድም ይባላል፤ ቆሞ ነፍስ ይማር ብሎ ይሄዳል።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ያፌት መጣ። በእጁ ትንሿን ተንቀሳቃሽ ጆሮ ይዟል። ሕዝብ በዝቶ መንገድ ከጠበበ ወዲህ ድንኳን የሚፈቀደው ለነዋሪ የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው፤ የሐሚድ ስም ቢሮው መዝገብ ላይ ሲወጣ ያፌትን ላኩት። ጎንበስ ብሎ ሶልያናን በጆሮዋ አናገራት። ዘመድ ከሌለ ድንኳኑ አሁን ይነሣል፣ የተሰበሰበውም ሰው ከተዛወረችው እንግዳ ጋር እንደተገናኘ ተቆጥሮ በሱዓድ መዝገብ ላይ ይጻፋል አላት። ደግሞም ለመዝጋቢው የሚሰጥ የሐሰት ቃል ለነዋሪም ያው ነው፤ ነዋሪም ይወርዳል። እባክዎ ሰዉን አስነሡልኝ፣ እኔም ለቅሶ የለም ብዬ ልሂድ አላት። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ከዚያ መሣሪያውን ከፈተና ጮክ ብሎ አነበበ። «ሟች ሐሚድ ሳሊም፣ ትውልዳቸው ሁዴይዳ። የሥጋ ዘመድ እዚህ አለ?»

ጋሽ ናሆም ሊነሣ ሲል ሶልያና በእጇ ተው አለችው።

«አለሁ» አለች።

«ምናቸው ነዎት?»

«እህቱ ነኝ። ታላቅ እህቱ። መዝግብ።»

ያፌት መዘገበ። ድንኳኑ ሦስት ቀኑን ሙሉ ቆመ።